ጊታር ውስጥ የታጠፈው ከበሮ

ዡዋው ዢልቤርቶ ስሙ ከመግነኑ በፊት፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ሪዮ ዲ ጃኔሮ አልሆንለት ብላው ነበር። ይዘፍንበት ከነበረው ቡድን ወጥቷል፣ ኪሱ ባዶ ነው፣ የሚያሳድሩት ጓደኞቹም ተሰላችተዋል። በመጨረሻ ጊታሩን ይዞ ሚናስ ዤራይስ በሚባለው ግዛት፣ ዲያማንቲና ከተማ ወደምትኖረው እህቱ ቤት ሄደ። እዚያ ቀን ከሌት መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን እየዘጋ ይለማመድ ጀመር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በሹክሹክታ የወጣች ቃል እንኳ ከግድግዳው ተመልሳ ጥርት ብላ ትሰማለች። ጉሮሮን ከፍቶ መዝፈን ለዚያ ክፍል ትርፍ ነበር።

ከዚያ ይዞት የወጣውን ነገር ዓለም በኋላ ቦሳ ኖቫ አለው። የሪዮ የጎዳና ሳምባ የብዙ ሰው ሥራ ነው። ሱርዶ የሚባለው ትልቁ ከበሮ ከሥር እርምጃውን ይይዛል፣ ታምቦሪም የምትባለው ትንሿ በቀጭን ዘንግ እየተመታች ከላይ ትቆራርጠዋለች፣ ፓንዴይሮ የሚባለው ደግሞ በመካከላቸው ይንሿሿል። ዡዋው የሱርዶውን ሥራ ለቀኝ እጁ አውራ ጣት፣ የታምቦሪሟን ደግሞ ለቀሩት ጣቶች አከፋፈለ። አንድ ሰፈር ሙሉ ከበሮ መቺ እንደ ነጠላ ተጣጥፎ አንድ ጊታር ውስጥ ገባ። በ1958 «ሼጋ ዲ ሳውዳዲ» በእሱ ድምፅ በሸክላ ስትታተም የብራዚል ሙዚቃ ከዚያ በፊትና ከዚያ ወዲህ ተብሎ ተከፈለ።

በ2000 ልጁ ቤቤል ዢልቤርቶ የመጀመሪያ ሙሉ አልበሟን «ታንቶ ቴምፖ» ብላ አወጣች። አሥራ አንድ ዘፈን፣ ግማሹ የቆየ፣ ግማሹ አዲስ፤ ጊታር፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ከሥር ደግሞ ኮምፒዩተር። በቦሳ ኖቫ ወዳጆች ዘንድ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ የሚሰነዘረው ክስ የታወቀ ነው፤ ባህሉን በማሽን በረዙት፣ የአባቷን ቤት ለዲጄ አከራየች። ክሱ ውሃ አያነሳም። አልበሙን በጥሞና ለሰማው የፕሮዲውሰሩ የሱባ ማሽኖች የሠሩት ሥራ ከጠላት ሥራ ጋር አይገናኝም። ዡዋው ያጠፈውን ፈትተው ዘረጉት። ከአውራ ጣት ሥር የተደበቀው ሱርዶ ወጥቶ የኤሌክትሮኒክ ቤዝ ሆነ፤ የጣቶቹ ሥራ ደግሞ በስቱዲዮ ተቆራርጠው ለተበታተኑ ትንንሽ ድምፆች ተከፋፈለ። ከበሮው ወደ ከበሮነቱ ተመለሰ፣ በሌላ በር ቢሆንም።

ይህን ለማድረግ የተሻለ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ቤቤል በግንቦት 1966 ኒው ዮርክ ነው የተወለደችው። እናቷ ሚዩሻ ራሷ ዘፋኝ ነበረች፤ የሚዩሻ ወንድም ሺኮ ቡዋርኪ ደግሞ በብራዚል የዘፈን ግጥም ሲነሳ ከሁሉ በፊት ከሚጠሩት አንዱ ነው። ልጅቱ በ9 ዓመቷ ከእናቷና ከሳክስፎን ተጫዋቹ ስታን ጌትዝ ጋር ካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ ቆማለች። ሌላ ልጅ ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲያባርር እሷ ለልጆች የተሠራው «ኦስ ሳልቲምባንኮስ» የተባለው ሙዚቃዊ ድራማ ሲቀረጽ ከሕፃናቱ ጋር ትዘምር ነበር።

እንዲህ ያለ ትውልድ ያላት ሴት በ20 ዓመቷ አልበም ብታወጣ ማንም አይገረምም ነበር። በ1986 ያወጣችው ግን ጥቂት ዘፈን የያዘች አጭር ሸክላ ብቻ ናት። የዚያን ጊዜ ወዳጇ የሮክ ዘፋኙ ካዙዛ ነበር፤ አብረው ዘፈን ጽፈዋል። ካዙዛ በ1990 በኤድስ ሞተ፤ 32 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ቤቤል ጓዟን ጠቅልላ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰች። እዚያ ከዴቪድ ባይርን ጋር ሠራች፣ «ዲ ላይት» ከተባለው የዳንስ ቡድን ከወጣው ጃፓናዊ ዲጄ ቶዋ ቴይ ጋር ቀረጸች፣ በሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ ድምፅ እያዋሰች ዓመታት አሳለፈች። የመጀመሪያ አልበሟ ሲወጣ 34 ዓመት ሊሞላት ነው። ብዙ ዘፋኝ በዚያ ዕድሜ «ምርጥ ሥራዎች» የሚል ስብስብ ያወጣል።

መዘግየቷ ጠቅሟታል። አባቷን መምሰል የሚፈልግ ሰው በ20 ዓመት ይጀምራል፤ ከአባቷ ጋር መነጋገር የሚችል ሰው ግን ሌላ ቤትም አድሮ የመጣ መሆን አለበት። ቤቤል የኒው ዮርክን የዳንስ ቤት ምት በጆሮዋ ይዛ ነው ወደ ቦሳ የተመለሰችው።

የአልበሙ ሁለተኛ ባለቤት ብራዚላዊ አይደለም። ሚታር ሱቦቲች፣ ሰው ሁሉ ሱባ የሚለው፣ በ1961 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ ኖቪ ሳድ ከተማ ተወለደ። አገሩ ሳለ «ሬክስ ኢሉሲቪ» በሚል መጠሪያ በሲንተሳይዘርና በቴፕ የሚሠራ ሞካሪ ነበር። በዩኔስኮ በኩል ባገኘው ድጋፍ የአፍሮ ብራዚልን ምት ሊያጠና ወደ ብራዚል ተሻገረ፤ አልተመለሰም። ሳኦ ፓውሎ ቤቱ ሆነች። አገሩ በጦርነት ስትፈራርስ እሱ የሌላ አገር ከበሮ ይማር ነበር።

ከሱባ የሚወደደው ነገር ትዕግሥቱ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ፕሮዲውሰር የአፍሪካን ወይም የላቲን አሜሪካን ዘፈን ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ተመሳሳዩን አራት ምት ከሥር ያስገባና ዘፋኙ ከላይ እንዲንሳፈፍ ይተወዋል። ዘፈኑ ከዚያ ወዲህ የየትም አገር ሊሆን ይችላል። ሱባ ግን አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሳኦ ፓውሎ ተቀምጦ ሰማ። በ1999 የወጣው የራሱ አልበም «ሳኦ ፓውሎ ኮንፌሽንስ» የዚያች ጫጫታ የበዛባት ከተማ ድምፅ ነው፤ ለቤቤል ሲሠራ ግን ጫጫታውን ደጅ አስቀርቶታል። ማሽን የመክፈትና የመዝጋት ልዩነትን ያወቀ ሰው ነበር።

አልበሙ ሲወጣ አላየውም። ኅዳር 2 ቀን 1999፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ቤቱም ስቱዲዮውም የነበረው አፓርታማ በእሳት ተያያዘ፤ ሱባ በዚያ እሳት ምክንያት በ38 ዓመቱ ሞተ። በዚያች ሰዓት የቤቤልን ቅጂዎች ከእሳት ሊያወጣ ሲሞክር እንደነበር በተደጋጋሚ ተጽፏል። አልበሙ በሌሎች እጅ ተጠናቆ በብራስልሱ ክራምድ ዲስክስ ሥር በተቋቋመው «ዚሪጊቡም» ስም፣ በአሜሪካ ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮው ሲክስ ዲግሪስ ታተመ። የካዙዛ ስም ያለባትን «ማይስ ፌሊስ» ስንቆጥር፣ ይህ ለስላሳ የሚባል አልበም ሁለት ሙታን የተሳተፉበት ነው። ለቡና ቤት ማጀቢያ ሲያደርጉት ይህን የሚያስታውሱ ብዙ አይደሉም።

ወደ ክሱ እንመለስ። «ባህል» የሚባለው ነገር መቼ ተጀመረ? ቦሳ ኖቫ በ2000 ገና 42 ዓመቱ ነው። ራሱም የማሽን ልጅ ነው፤ ያለ ማይክሮፎን የዡዋው ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር አያልፍም ነበር። ያ ሹክሹክታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢወለድም ያደገው በስቱዲዮ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ምስክር በ1973 የወጣው፣ ነጭ ሽፋን ያለው የዡዋው አልበም ነው። ከሞላ ጎደል ሰውዬው፣ ጊታሩና አንድ ቀላል ከበሮ ብቻ፤ ለንጽሕና የሚምሉ ሁሉ የሚምሉበት ሥራ። የቀረጸችው መሐንዲስ ዌንዲ ካርሎስ ናት። በ1968 የባህን ሥራዎች በሞግ ሲንተሳይዘር ተጫውታ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን የብዙኃን ያደረገችው ያችው ካርሎስ! በዚያ አልበም ላይ ዡዋው ለትንሿ ልጁ ያበጀው ቫልስ አለ፤ ቤቤል የሚል ስም በቅንፍ ተጽፎበታል። እንግዲህ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰዎች ወደዚያ ቤተሰብ የመጡት ልጅቱ ካደገች በኋላ አይደለም፤ ስሟ መጀመሪያ ዘፈን ላይ ሲጻፍ ማይክሮፎኑን ያስተካከለችው ካርሎስ ነበረች።

ብራዚል ደግሞ ይህን ክርክር ቀድማ፣ በአደባባይ፣ በሰልፍ ጭምር ተከራክራዋለች። ሐምሌ 1967 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ዘፋኞች ኤሌክትሪክ ጊታርን ተቃውመው አደባባይ ወጡ። ከፊት የነበረችው ታላቋ ኤሊስ ሬዢና ናት። ከሰልፈኞቹ አንዱ ዢልቤርቶ ዢል ነበር። ሦስት ወር ያህል ቢቆይ ነው፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት በቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ላይ ዢል «ዶሚንጎ ኖ ፓርኪ»ን ይዞ ቀረበ፣ አብረውት የቆሙት ኦስ ሙታንቴስ የተባሉ ወጣቶች፣ በእጃቸውም የተወገዘው ኤሌክትሪክ ጊታር። ሁለተኛ ወጣ። ትሮፒካሊያ የሚባለው እንቅስቃሴ ከዚያ መድረክ ነው የተቀጣጠለው። ኤሊስም ብትሆን በ1974 ከዜማ ደራሲው አንቶኒዮ ካርሎስ ዦቢም ጋር «ኤሊስ ኢ ቶም»ን ስትቀርጽ ባለቤቷ ሴዛር ካማርጎ ማሪያኖ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ይዞ ገባ፤ የማጉረምረሙ ተራ የዦቢም ሆነ። ዛሬ ያንን አልበም ከብራዚል ምርጦች ተርታ የማያሰልፍ የለም። ዢል ራሱ በ2003 የባህል ሚኒስትር ሆነ። የዘመን ቀልድ ይሏል ይህ ነው።

አሁን ዘፈኖቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ክርክር በጆሮ እንጂ በስም አይፈታምና።

አልበሙን የምትከፍተው «ሳምባ ዳ ቤንሳው» የባደን ፓወል ዜማ፣ የገጣሚው ዲፕሎማት የቪኒሲዩስ ዲ ሞራይስ ግጥም ናት። የቀድሞው አቀራረብ ረጅም ንባብ አለው፤ ቪኒሲዩስ የሳምባን ታላላቆች በየስማቸው እየጠራ ይመርቃል፣ ምርቃት ይጠይቃል። በ1966 የተሠራው «ወንድና ሴት» የተሰኘው የፈረንሳይ ፊልም በፈረንሳይኛ ወስዶ ዓለም አዳረሳት። ቤቤል ንባቡን ሙሉ በሙሉ ተወችው። ድፍረት ነው፤ የታላላቆቹን ስም መዝለል፣ ያውም በሙዚቀኞች ቤት ያደገች ልጅ። ከዜማዋ የቀረው ጊታሩ፣ ከሥሩ የሚሳበው ቤዝ፣ ወደ ማይክሮፎኑ እጅግ የተጠጋ ድምፅና እዚህም እዚያም ብቅ ብለው የሚጠፉ ጥቃቅን ድምፆች ናቸው። ዘፈኑ የምርቃቱን ሥርዓት ቢያጣም የምርቃቱን መንፈስ አላጣም። ማሽኑ ቦታ ይሰጣል፤ በሁለት ሐረግ መካከል ዝም ማለት ሲገባ ዝም ይላል።

«ሳምባ ኢ አሞር» ደግሞ የአጎቷ የሺኮ ሥራ ናት፤ ሺኮ በ1970 ባወጣው አልበም ላይ ትገኛለች። ሌሊቱን በሙዚቃና በፍቅር ያሳለፈ ሰው፣ ጠዋት ከተማው ለሥራ ሲጣደፍ ከአልጋ መነሳት ያቃተው፤ ይህ ነው ታሪኩ። ወታደራዊው መንግሥት አገሩን ሁሉ ወደ ሥራና ወደ ሥርዓት በሚነዳበት ዘመን ስንፍናን ማወደስ ቀላል ነገር አልነበረም። የእህቱ ልጅ በ2000 ስትዘፍነው ፖለቲካው ደብዝዟል፣ እንቅልፉ ግን አለ። ቅንብሩ ሳስቶ ጊታሩና ድምፁ ፊት ለፊት ይቀራሉ። «ባናኔይራ» በአንጻሩ ትነሳለች፣ ትዘላለች፤ ከዢል ጋር የደረሳት ዡዋው ዶናቶም በአልበሙ ከተሳተፉት አንዱ ነው። ካርሊኞስ ብራውን፣ ሴልሶ ፎንሴካ፣ የዋሽንግተኑ «ቲቨሪ ኮርፖሬሽን»፣ ብራዚል ተወልዶ እንግሊዝ ያደገው ኤሞን ቶቢን፤ ስሙ ብዙ ነው፣ አልበሙ ግን የስም ገበያ አልሆነም።

ሁሉም እኩል አይደለም። በእንግሊዝኛ የተዘፈኑት ደከም ይላሉ። የማርኮስ ቫሊ የበጋ ሳምባ ከ1966 ጀምሮ በአሜሪካ ሆቴልና ሊፍት የተንገላታች ዜማ ናት፤ ቤቤልም ከዚያ አላወጣቻትም። «ክሎዝ ዩር አይስ» ደግሞ አልበሙ ሊያልቅ ሲል የሚጠበቀውን ያህል አትከብድም። ቤቤል በፖርቱጋልኛ ስትዘፍን ቃሉን ከአፏ ጫፍ ላይ ትይዘዋለች፣ ትለቀዋለች፤ በእንግሊዝኛ ስትዘፍን ግን እንግዳ የምትቀበል አስተናጋጅ ትመስላለች።

እውነተኛው ቅሬታ እዚህ ጋ ይጀምራል። «ታንቶ ቴምፖ» ከብራዚል ይልቅ በአውሮፓና በአሜሪካ ነው የገነነው። በዓመቱ ሪሚክሱ ተከተለ፤ ዘፈኖቿ «ክሎዘር»ን ወደመሳሰሉ የሆሊውድ ፊልሞች ገቡ። ከዚያም ጎርፉ መጣ። ጊታር፣ የምታንሾካሹክ ሴት፣ ቀስ ያለ የማሽን ምት፤ በየሆቴሉ ሎቢ፣ በየልብስ መደብሩ ስሙ የማይታወቅ ዘፋኝ ተመሳሳዩን ይደግም ጀመር። የሱባ ትዕግሥት ሳይኖር የሱባ ድምፅ ብቻ ተቀዳ። ለዚህ ቤቤልን መወንጀል ግፍ ነው፤ አባቷም በዘመኑ ከሊፍት ሙዚቃ አላመለጠም። ግን ደግሞ ያለ ምክንያት አልሆነም። አልበሙ ማንንም አያስከፋም፣ ጠርዝ የለውም፣ ወሬ ቢወራበት አይቆጣም። ይህን ያህል ጨዋ የሆነ ሥራ በቀላሉ ዕቃ ይሆናል።

በዚያው ሰሞን በሪዮ ኮረብታዎች ላይ፣ ፋቬላ በሚባሉት የድሆች ሰፈሮች፣ ሌላ የብራዚል ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነበር። ከማያሚ የመጣውን የማሽን ምት ወስደው የራሳቸው ያደረጉት ወጣቶች «ፋንክ» ይሉታል። ቀስ በቀስ የውጪው ምት ወጥቶ የአፍሮ ብራዚል ከበሮ የሚሸት አዲስ ምት ተተካ፤ እሱንም የሠሩት በማሽን ነው። ይኸው ነው እኮ፤ ባህልና ኤሌክትሮኒክ ሲጋቡ! ነገር ግን ለእነዚህ ልጆች ካርኔጊ ሆል አልነበረም። ጋዜጣው ስለ ጭፈራቸው ሲጽፍ በወንጀል ዓምድ ነበር፣ ፖሊስም ጭፈራውን ይበትን ነበር። የዡዋው ልጅ ማሽን ስትነካ «ውህደት» ተባለ፤ የፋቬላው ልጅ ሲነካው «ጫጫታ»። ሁለቱም ግን ከሳምባ ቤት ነው የወጡት፤ ሳምባ ራሱም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጥቁሮች ድግስ በመሆኑ ፖሊስ ያሳድደው ነበር። «ታንቶ ቴምፖ»ን የሚያወድስ ሰው ይህን ሚዛን ረስቶ ማወደስ የለበትም።

ለአማርኛ አድማጭ የዚያ ዘመን ቅርብ ምሳሌ የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) የ2001 አልበም ነው። ጂጂም ያኔ አሜሪካ ነበረች፤ ፕሮዲውሰሯ ቢል ላስዌል የቤዝና የኤሌክትሮኒክ ሰው ነው፤ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስ ተጋብዘዋል። «ጉራማይሌ»ን የሰማ ያውቃል፤ ከላይ ያለው ድምፅ ከአገሩ አልወጣም፣ ከሥር ያለው ግን ከሌላ ቦታ ነው፣ አይጋጩም። በ2003 ላስዌል ያንኑ ሥራ ከፍቶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ እንደገና ሲሠራው ግን ማሽኑ ገነነ፣ የጂጂ ድምፅ ወደ ጭጋግ ገባ። አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ፕሮዲውሰር፣ ሁለት ውጤት። ቤቤልና ሱባ የቆሙት በመጀመሪያው በኩል ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቤል በርካታ አልበም አውጥታለች፤ በ2004፣ በ2007፣ በ2009፣ በ2014። ሁሉም ይሰማሉ፤ አንዳቸውም ግን የመጀመሪያውን አላስረሱም፣ ሱባን የሚተካ ሰው አልተገኘምና። ሚዩሻ በታኅሣሥ 2018፣ ዡዋው በሐምሌ 2019 ሞቱ፤ ሰባት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ። በ2023 ቤቤል «ዡዋው» የተሰኘ አልበም አወጣች፣ አባቷ ይዘፍናቸው የነበሩ ዘፈኖች ብቻ ያሉበት። ከማሽን ርቃ ወደ ጊታሩ ተጠግታለች። ሐዘን ያለበት፣ የተወደደ ሥራ ነው፤ አንድም ቦታ አይሳሳትም። ያም ሆኖ ዡዋውን የፈለገ አድማጭ የ1973ቱን ነጭ አልበም ይከፍታል። በ«ታንቶ ቴምፖ» ውስጥ ያለው ሱርዶ ግን በአባትየው አልበሞች ውስጥ እንዲህ ተዘርግቶ አይገኝም።